በቆሎዬን አሁን ልሽጥ ወይስ እስከ ጁላይ ላቆየው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በደቡብ ዳኮታ፣ ከሱ ፎልስ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አማቼ ጡረታ ስለወጡ 160 ኤከር መሬታቸው ላይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ በቆሎ ዘርቻለሁ። ወደ 32,000 ቡሼል (አንዱ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ገደማ ነው) እጠብቃለሁ። አሁን በኦክቶበር መጀመሪያ እርጥበቱ ሲለካ 24 በመቶ ነው። ኤሌቬተሩ፣ ማለትም እህል የሚገዛውና የሚያከማቸው ድርጅት፣ በቡሼል 3.85 ዶላር ይሰጣል፤ በቺካጎው የወደፊት ውል ገበያ ላይ ግን የዲሴምበሩ ውል 4.30፣ የማርቹ 4.45፣ የጁላዩ 4.58 ነው። አማቼ 10,000 ቡሼል የሚይዝ የቆርቆሮ ጎተራ ከነማራገቢያው አላቸው። ጎረቤታችን ‹በመኸር የሚሸጥ ሞኝ ነው፤ ጎተራ ያልበቃህን ኤሌቬተሩ ዘንድ ዋጋው በኋላ በሚቆረጥ ውል አስቀምጠው› ይለኛል። የባንክ ብድር አለብኝ፣ ወለዱ 8 በመቶ ነው። ኤሌቬተሩ 45 ሳንቲም እየበላኝ ነው? እስከ ጁላይ ብጠብቅ 4.58 አገኛለሁ ማለት ነው?»

ምላሽ፦

ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ አይደለም ነው። ኤሌቬተሩ 45 ሳንቲም አልበላዎትም፤ ጁላይ ላይ 4.58 ቆጥሮ የሚሰጥዎትም የለም። ወደ እነሱ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሰው ያለፉት ቁጥር አለ፦ 24 በመቶ። ዘንድሮ ትልቁ ገንዘብዎ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ኤሌቬተሩ የሚለጥፈው 3.85 ዶላር 15 በመቶ እርጥበት ላለው በቆሎ ነው። የእርስዎ በ9 ነጥብ ይበልጣል። ጭነትዎ ሲመዘን ሁለት ነገር ይቀነስበታል፤ አንዱ የውሃው ክብደት ነው፣ ሁለተኛው የማድረቂያ ክፍያ ነው። ተመኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለሒሳባችን በየነጥቡ 1.4 በመቶ ክብደትና 5 ሳንቲም እንያዝ። ዘጠኝ ነጥብ ሲባዛ ክብደቱ 12.6 በመቶ ይቀነሳል፣ ማድረቂያው 45 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ አጭደው ቢወስዱት የአንዱ እርጥብ ቡሼል ዋጋ 3.85 ሳይሆን 2.91 ገደማ ነው። በነገራችን ላይ በቆሎ ከ24 ወደ 15 በመቶ ሲደርቅ በትክክል የሚያጣው ውሃ 10.6 በመቶ ነው። ቀሪው ሁለት በመቶ ለብናኝና ለአያያዝ እየተባለ የሚታሰብ ነው። «እየበላኝ ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው፤ ከአንዱ ኤሌቬተር ወደ ሌላው በጣም የሚለያየውም ይኸው ተመን ነው። ከተለጠፈው ዋጋ ጋር የእርጥበት ቅናሽ ሰንጠረዡን አብረው ይጠይቁ።

አሁን ያው በቆሎ ማሳ ላይ እንዳለ እስከ 18 በመቶ ቢደርቅ እንበል። ቅናሹ 3 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ቡሼሉ 3.54 ያወጣል። በእርግጥ ፀሐይና ንፋስ የወሰዱት ውሃ ስላለ የዛሬው አንድ ቡሼል ያን ጊዜ 0.93 ቡሼል ነው። ይህን አስልተን ስንመልሰው 3.28 እናገኛለን። ከ2.91 ጋር ያለው ልዩነት 36 ሳንቲም ነው፤ በ32,000 ቡሼል ሲባዛ ከ11,000 ዶላር በላይ። በመጠበቅ ምክንያት ሦስት በመቶው መሬት ላይ ቢቀር እንኳ ከ8,000 ዶላር በላይ በእጅዎ ይቆያል። ከዲሴምበር እስከ ጁላይ ገበያው የሚያሳይዎት ልዩነት ግን 28 ሳንቲም ነው፤ ያውም ወጪው ሳይነሳለት።

ለመጠበቅ ስንት ቀን ያስፈልጋል? ፍሬው ከግርጌው ጥቁር ነጥብ ካወጣ በኋላ ውሃ ማጣት ብቻ ነው የቀረው፤ ምርት አይጨምርም፣ ስለዚህ በዚህ በኩል የሚጎድልብዎ የለም። በእናንተ አካባቢ በኦክቶበር መጀመሪያ ደህና ቀን ከሆነ በቀን ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ነጥብ ይደርቃል። ወደ ወሩ መጨረሻ እየቀነሰ ይሄድና በኖቬምበር ከሩብ ነጥብ አይበልጥም፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቆማል። ስለዚህ ስድስቱ ነጥብ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህ ዕድል ያለውም አሁን እንጂ በኖቬምበር አይደለም። የብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የሚያወጣውን ከ6 እስከ 10 እና ከ8 እስከ 14 ቀን ያለውን ትንበያ ይመልከቱ። ዝናብ ብቻ ከሆነ ብዙ አይስጉ፤ ቀናት ያዘገያል እንጂ የደረሰ ፍሬ ቶሎ አያበላሽም። የሚያስፈራው የደከመ አገዳ ላይ የሚመጣ ንፋስ ነው።

የአገዳውን ጥንካሬ ከመኪና መስኮት ማወቅ አይቻልም። ማሳው ውስጥ ገብተው በተለያየ ቦታ መቶ ያህል አገዳ በእጅዎ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉ። ከመቶው ከአሥር በላይ ተሰብሮ ከቀረ ወይም ካልተመለሰ እርጥበቱ የፈለገውን ቢሆን ያን ማሳ ቀድመው ይጨዱት። የወደቀ በቆሎ ኮምባይነር አያነሳውም፤ ከማድረቂያ ወጪ ይልቅ እሱ ይከፋል። ከ17 በመቶ በታች እስኪወርድ መጠበቅም አያዋጣም፤ ያን ጊዜ ፍሬው ኮምባይነሩ አፍ ላይ ይረግፋል።

ወደ 45 ሳንቲሙ እንምጣ። ከሀገር ቤት ለመጣ ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው መጋዘን ገብቶ ደረጃ የወጣለትን ምርት ነው፤ የሚሰሙት ዋጋ የዚያ ጆንያ ዋጋ ነው። የቺካጎው ዋጋ እንደዚያ አይደለም። ወደፊት በተወሰነ ወር፣ በተወሰነ ቦታ ለሚደረግ ርክክብ የተቆረጠ የ5,000 ቡሼል ውል ነው። የበቆሎው ርክክብ ቦታ ደግሞ በኢሊኖይ ወንዝ ዳር ያሉ የመጫኛ ጣቢያዎች ናቸው። የእርስዎ በቆሎ እዚያ የለም። ሱ ፎልስ አጠገብ ነው ያለው፤ የሚሄደውም ወደ ኤታኖል ፋብሪካ፣ ወደ ከብት ማድለቢያ፣ ወይም በረጅም ባቡር ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ወደቦች ነው። በቺካጎው ዋጋና በአካባቢዎ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ቤዚስ ይባላል። ውስጡ የመጓጓዣ፣ የአያያዝ፣ የአካባቢው አቅርቦትና ፍላጎት አለበት። በመኸር ሁሉም ጎረቤት በአንድ ሳምንት ጭኖ ስለሚመጣ ይሰፋል፤ ከጃንዋሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብባል።

ቤዚስ የራሱ ሕይወት አለው። በ2022 እና በ2023 መኸር የሚሲሲፒ ወንዝ ውሃ ክፉኛ ሲጎድል ጀልባዎቹ ጭነት ቀንሰው ለመሄድ ተገደዱ፤ የማጓጓዣ ዋጋ ናረ፤ ወንዙ ዳር ያሉ ገዢዎች የሚሰጡትም ከቺካጎው በሰፊው ራቀ። ገበሬው የቺካጎን ዋጋ ብቻ እያየ ቢሆን ኖሮ ምን እንደደረሰበት አይገባውም ነበር። እርስዎ ከወንዙ ርቀው ስላሉ ያ በቀጥታ አይነካዎትም፤ ለእርስዎ ወሳኙ በዙሪያዎ ያሉ ፋብሪካዎች ጥማት ነው። ከአሜሪካ ትልልቅ የኤታኖል አምራቾች አንዱ የሆነው ፖኤት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሱ ፎልስ ነው፤ አካባቢዎ ገዢ ያጣ አካባቢ አይደለም። አንድ ኤሌቬተር ብቻ ጠይቀው ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት ሌላ ቦታ፣ አንዱ ፋብሪካ ሆኖ፣ ይደውሉ። በሰላሳ ማይል ውስጥ የአሥርና የአሥራ አምስት ሳንቲም ልዩነት ማግኘት ብርቅ አይደለም። እርጥብ በቆሎ የማይቀበሉ ፋብሪካዎች ግን አሉ፤ የመቀበያ ጣሪያቸውን አብረው ይጠይቁ።

የጁላዩ 4.58 ደግሞ ትንቢት አይደለም። ገበያው «በጁላይ በቆሎ ይወደዳል» አላለም። ያለው «ዛሬ በቆሎ ሞልቷል፤ እስከ ጁላይ ለሚያቆይልኝ ሰው 28 ሳንቲም የማስቀመጫ ኪራይ እከፍላለሁ» ነው። ኪራዩን የሚያተርፈው ደግሞ ከሁሉም ባነሰ ወጪ ማስቀመጥ የሚችለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዋጋው ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው መሆን የለበትም፤ የእርስዎ የማስቀመጫ ወጪ ከኪራዩ ያንሳል ወይ የሚለው ነው።

እናስላው። ቤዚሱ ዛሬ 45 ነው፤ በማርች መጀመሪያ ወደ 33፣ በጁላይ መጀመሪያ ወደ 25 ይጠብባል ብዬ ልገምት። የራስዎን ኤሌቬተር የሦስትና የአራት ዓመት መዝገብ ጠይቀው በእነዚህ ቦታ ይተኩ። እስከ ጁላይ ቢያቆዩ ከውሉ 28፣ ከቤዚሱ 20፣ በድምሩ 48 ሳንቲም ያገኛሉ። ከዚህ የስምንት ወር ወለድ ይነሳ፦ 3.85 ሲባዛ በዓመታዊው 8 በመቶ፣ ከዚያ ከአሥራ ሁለት ወር የስምንቱ ድርሻ ሲወሰድ፣ 20 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ባለ ብድር ሰው ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ባንክ ያለ ዕዳው ነው፤ ወለዱን ያልቆጠረ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም። ለማስገባት፣ ለማውጣትና ለማራገቢያው መብራት 5 ሳንቲም። በተጨማሪም 15 በመቶ ያለው በቆሎ ክረምቱን ይችላል፤ የግንቦትና የሰኔን ሙቀት እንዲችል ግን 14 በመቶ መድረስ አለበት። ያቺ አንዲት ነጥብ በትክክል በሚጠፋው ውሃ ክብደት (1.2 በመቶ ገደማ) 4 ሳንቲም ተኩል፣ በማድረቂያ 5 ሳንቲም፣ በድምሩ 9 ሳንቲም ተኩል ትወስዳለች። የሚቀርዎ 13 ሳንቲም ነው።

በማርች መጀመሪያ ቢሸጡስ? ከውሉ 15፣ ከቤዚሱ 12፣ በድምሩ 27። የአራት ወር ወለድ 10፣ አያያዝ 5። የሚቀርዎ 12 ሳንቲም ነው። ከማርች እስከ ጁላይ ተጨማሪ አራት ወር ጠብቀው፣ የፀደዩን ሙቀት፣ ነቀዙንና ሻጋታውን ተጋፍጠው የሚያገኙት አንድ ሳንቲም ነው፤ በ10,000 ቡሼል 100 ዶላር። ጁላይ ትልቁን ቁጥር ስለያዘ ዓይን ይስባል፤ ሥራው የሚያልቀው ግን ማርች ላይ ነው።

ጎተራዎ የማይችለው 22,000 ቡሼልስ? ኤሌቬተር ውስጥ በኪራይ ማስቀመጥ በወር 4 ወይም 5 ሳንቲም ነው። አራት ወር 5 ሳንቲም ቢከፍሉ 20፣ ወለዱ ሲጨመር 30። ገበያው የሚከፍልዎት 27 ነው። ኪሳራ ነው፤ ኪራዩ በወር 4 ሳንቲም ቢሆን እንኳ የሚተርፈው አንድ ሳንቲም ብቻ ነው።

ጎረቤትዎ የመከሩት ዋጋው በኋላ የሚቆረጥ ውል ከዚህም ይብሳል። ብዙ ሰው ነፃ ማከማቻ ይመስለዋል። እህሉ የኤሌቬተሩን ሚዛን ሲያልፍ ባለቤትነቱም አብሮ ያልፋል። እርስዎ ባለ እህል መሆንዎ ቀርቶ ዋስትና የሌለው አበዳሪ ሆነዋል። ኤሌቬተሩ ቢከስር ወረፋው ውስጥ ከኋላ ይቆማሉ፤ ለእህል ሻጮች ያለው የክፍለ ሀገሩ ጥበቃም ለእንዲህ ዓይነቱ ውል ከመጋዘን ደረሰኝ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ኤፍ ኤስ ኤ በሚባለው የፌዴራል የእርሻ አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘውን፣ እህልን አስይዞ የሚወሰድ የዘጠኝ ወር ብድር የማግኘት መብትዎን ያጣሉ፤ ብድሩ የእህሉ ባለቤት ለሆነ ገበሬ ነውና። ጎተራ ውስጥ ለሚያስገቡት 10,000 ቡሼል ግን ይህን ብድር ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ወለዱ ከባንክዎ ካነሰ ከላይ ያሰላነው 10 ሳንቲም ይቀንሳል። ከዚያ ቢሮ ፈቃድ ሳያገኙ ግን እህሉን ከጎተራ እንዳያወጡ።

የአማችዎ ማራገቢያ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። አብዛኞቹ የድሮ ጎተራዎች ላይ ያለው ማራገቢያ እህል ያቀዘቅዛል እንጂ አያደርቅም። በተፈጥሮ አየር ለማድረቅ ወለሉ በሙሉ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፣ ማራገቢያው ለእያንዳንዱ ቡሼል በደቂቃ ቢያንስ አንድ ኪዩቢክ ጫማ አየር መግፋት አለበት፤ የማቀዝቀዣው የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚገፋው። ሁሉም ቢሟላ እንኳ በቆሎው ከ20 ወይም ከ21 በመቶ በላይ ከሆነ አይሠራም፤ የውጭው አየር ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ ደግሞ ማድረቁ የሚቆም ያህል ነው። 24 በመቶ በቆሎ እዚያ ጎተራ ውስጥ ቢያስገቡ በሳምንታት ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ይጋገራል። ስለዚህ 18 በመቶ ላይ ያጭዱት፤ ጎተራ የሚገባውን 10,000 ቡሼል ማድረቂያ ያለው ጎረቤት ወይም ኤሌቬተሩ በክፍያ ወደ 15 ያውርድልዎ። ቢሸጡትም ቅናሹን ይከፍሉ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ወጪ ሒሳቡን አይለውጠውም፣ መመላለሻው ካልበዛ። ከሞላ በኋላ ከመሀሉ ጥቂት መቶ ቡሼል ያውጡ፤ ብናኙ የሚከማቸው መሀል ላይ ነው፣ አየር እንዳይዘልቅ የሚያደርገውም እሱ ነው። ብርዱ ሲመጣ ማራገቢያውን እያስነሱ እህሉን ወደ 30 ዲግሪ ፋራናይት ያቅርቡት፣ በየሁለት ሳምንቱም ከማራገቢያው የሚወጣውን አየር ያሽቱ።

ይህን ደግሞ ለአዲስ ገበሬ ሳልናገር አላልፍም። ኦገሩ፣ ማለትም እህሉን የሚያወጣው ጠመዝማዛ ማጓጓዣ፣ እየሠራ ማንም ሰው ጎተራው ውስጥ አይግባ፤ አማችዎ ሃምሳ ዓመት ሲገቡ የኖሩ ቢሆኑም። የሚፈስ እህል ላይ የቆመ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ማውጣት የማይችልበት ጥልቀት ይደርሳል፤ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ሊዋጥ ይችላል። ሰዎች የሚገቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ገብቶ የተጋገረ እህል አልወርድ ሲላቸው ነው። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ በቁልፍ ሳይቆለፍ፣ ከውጭ የሚጠብቅ ሰውና የደኅንነት ገመድ ሳይኖር አይሞከርም።

ዋጋውን ሳይቆርጡ ዝም ብሎ መጠበቅስ? ጎረቤትዎ የሚያስታውሱት 2020ን ይመስለኛል፤ በዚያ መኸር 4 ዶላር ገደማ የነበረው በቆሎ በሜይ 2021 ከ7 ዶላር አለፈ። እውነት ነው። ግን የ2023ንም ያስታውሱ፦ በኦክቶበር የዲሴምበሩ ውል አማካይ 4.88 ነበር፤ በቀጣዩ በጋ ወደ 4 ዶላር ወረደ፣ ያቆየ ሰው ኪራዩንም ወለዱንም ከኪሱ ከፈለ። ይህ ማከማቸት ሳይሆን መወራረድ ነው። በብድር የሚሠራ የመጀመሪያ ዓመት ገበሬ በ8 በመቶ ወለድ ሊወራረድ አይገባም ባይ ነኝ።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። አገዳው እስከቻለ ድረስ ወደ 18 በመቶ እስኪቀርብ ይጠብቁ። 22,000ውን በመኸር፣ ከሦስት ገዢዎች የእርጥበት ቅናሹ ተደምሮ የተሻለ ለሚከፍለው ይሽጡና ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ብድሩ ያስገቡ። 10,000ውን 15 በመቶ አድርሰው ያስቀምጡ፤ ዋጋውን ግን አሁኑኑ ይቁረጡ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቺካጎውንም ቤዚሱንም ዛሬ የሚቆርጥ የቅድሚያ ሽያጭ ውል ነው። ሌላው «ሄጅ ቱ አራይቭ» የሚባለው ሲሆን 4.45ቱን ይዞ ቤዚሱን ለኋላ ይተዋል። ሁለተኛውን ከመረጡ ለማርች ብቻ ይፈርሙ፤ ውሉን ወደሚቀጥለው ዓመት ምርት እያሸጋገሩ መሄድ በ1996 በመካከለኛው ምዕራብ ብዙ ገበሬዎችን ፍርድ ቤት ያደረሰ ጉዳይ ነው። የማርች ሽያጭ ገቢው ለሚቀጥለው የግብር ዓመት ስለሚቆጠር ከመፈረምዎ በፊት ሒሳብ ሠሪዎን ያማክሩ። የሰብል ገቢ መድን ካለዎት ደግሞ ከአምና የተረፈ በቆሎ ጎተራው ውስጥ ካለ ሳይለካ የዘንድሮውን ከላዩ አይጨምሩበት፤ የምርት ማረጋገጫዎ ይበላሻል።

ሲደውሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለማርች መጀመሪያ ርክክብ ዛሬ ስንት ትቆርጣላችሁ?» የእርስዎ ማስቀመጫ ወጪ 15 ሳንቲም ስለሆነ 3.85 ላይ ሲደመር 4.00 ይሆናል። 4.10 እና ከዚያ በላይ ካሉ ይፈርሙ። ከ4.00 በታች ካሉ ጎተራውን ባዶውን ይተዉትና ሁሉንም በመኸር ይሽጡ። በመካከል ከሆነ ለጥቂት ሳንቲም ጎተራ መጠበቅ ይፈልጉ እንደሆነ ከአማችዎ ጋር ይወስኑ፤ እኔ ብሆን አልፈልግም።